«ጭንቀት ነው» ከተባልኩ በኋላ

ግፊት አለብኝ ያለ ሰው ምክንያቱን የሚነግረው አያጣም። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ደውላ «ሆድህ ውስጥ የያዝከው ነገር አለ፤ ደም ብዛት ዝም ብሎ አይመጣም፣ አውጣው» አለችኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች የአለቃችን ጩኸት ነው ብለው ፈረዱ። ከእኛ በላይ የሚኖሩት ሽማግሌ ቅቤ ነው ሲሉ፣ ባለቤታቸው ደግሞ «ቅቤ ምን በወጣው፤ ይሄ የሚረጋው ዘይት ነው እንጂ» ብለው ተቆጡ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ጨው ነው ብላ በመንገደኛ ሶዲየም የሌለው ጨው ላከችልኝ። ጤና ጣቢያ ያገኘሁት ሐኪም ቀና ብሎ ሳያየኝ «ዕድሜ ነው፤ ጭንቀትም አለበት» ብሎ ክኒን ጻፈልኝ።

አንዳቸውም አልዋሹም። ጨው ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን የሚለው ሞልቶ ያልፈሰሰ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው፤ ሽሯችን፣ በርበሬያችንና ዳቧችን ውስጥ ያለውን ጨምሮ። ዘር አለበት፣ ዕድሜ አለበት፣ ክብደት አለበት። ከ100 የግፊት ሕመምተኞች 90 የሚሆኑት ወይም ከዚያ የሚበልጡት እነዚህ ነገሮች ተደማምረውባቸው እንጂ «ይኸው ይሄ ነው» ተብሎ በጣት የሚጠቆም አንድ መነሻ አይገኝላቸውም። እኔም ከ90ዎቹ አንዱ ብሆን ቅር አይለኝም ነበር። ቅር ያለኝ፣ ሁሉም መልስ ይዞ ስለመጣ የሚፈልግ ሰው መጥፋቱ ነው።

ግፊቴ የታወቀው ጥርስ ልነቀል ሄጄ ነው። 46 ዓመቴ ነበር። ጥርስ ሐኪሟ ማደንዘዣውን ከመውጋቷ በፊት ክንዴን አሰረችና ማሽኑ 168 በ104 አለ። ደግማ ለካች። «ዛሬ ጥርስ አልነቅልም፤ መጀመሪያ ይሄን ታከም» ብላ ሸኘችኝ። ከዚያ አምሎዲፒን በሚባለው የግፊት ክኒን በ5 ሚሊግራም ጀመርኩ፣ 10 ሆነ፣ ኤናላፕሪል ተጨመረ፣ ቀጥሎ ሽንት የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ መጣ። ሦስቱንም እየዋጥኩ ላይኛው ከ150 አልወርድ አለ። ሰፈር ውስጥ የታዘዘልኝን ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርትም አልፌዋለሁ። ሽፈራው ሻዩን ሳልጠላው ቀረሁ፤ ግፊቱ ግን አላወቀውም።

በየቀጠሮው የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነበር፦ «መድኃኒቱን በሥርዓት ትወስዳለህ?» እኔ እወስዳለሁ ስል እነሱ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ባለቤቴ በዚህ እጅግ ተናዳ አንድ ቀን ባዶ የክኒን ማሸጊያዎቹን በፌስታል ጠቅልላ አምጥታ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፈችው። እህቴ ደግሞ ኦምሮን የሚባለውን የቤት መለኪያ ላከችና አለካኩን በቪዲዮ አሳየችኝ። ለካ ግፊት መለካት ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፤ ሽንት አይያዝ፤ ጀርባ ወንበሩ ላይ ተደግፎ፣ እግር ሳይነባበር መሬት ረግጦ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፤ ክንድ በልብ ትክክል ይደገፍ፤ ማሰሪያው ደግሞ ባዶ ክንድ ላይ ይሁን። እኔን ሲለኩኝ የነበረው ከሰልፍ ተጠርቼ ገና ሳልቀመጥ፣ ሹራቤ ላይ አስረው፣ እያወሩኝ ነበር። ስለዚህ ምናልባት ቁጥሩ የውሸት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ጠዋት ጠዋትና ማታ ማታ እየለካሁ ከማተሚያ ቤት ባመጣሁት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ቤቴ ውስጥ፣ ሶፋዬ ላይ፣ ሐኪም በሌለበትም 154፣ 158፣ 151 ነው። ነጭ ጋወን ፈርቼ አልነበረም ማለት ነው።

አሁን ወደ እግሬ ልምጣ።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው። አሳንሰር እንደሌለው ለአዲስ አበባ ሰው መናገር አይጠበቅብኝም። ውኃው በፈረቃ ስለሆነ ሲጠፋ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት የእኔ ሥራ ነው፤ ለዓመታት ያለ ችግር ስወጣ ኖሬያለሁ። በዚያ ሰሞን ግን 2ኛ ፎቅ ላይ ስደርስ ጭኔ እንቢ ይል ጀመር። ድካም አይደለም፣ አልቃተትም፤ እግሬ የእኔ ያልሆነ ያህል ትእዛዝ አይቀበልም። ሥራ ላይም እንደዚያው። የምሠራው ኦፍሴት ማሽን ላይ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሪም ወረቀት ያነሳሁባቸው ክንዶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሌሊት ደግሞ ባቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኝና ከአልጋ ዘልዬ ቆሜ እስኪለቀኝ ግድግዳ እገፋለሁ። በዚያ ላይ ሽንት። ማታ ውኃ ሳልጠጣ ተኝቼ ሌሊቱን ስመላለስ አድራለሁ። ሁሉም «ስኳር ነው» አለኝ፤ ተመረመርኩ፣ ስኳር የለብኝም። ይሄን ሁሉ ከግፊቱ ጋር ያያያዘው ሰው አልነበረም፤ እኔም ግፊቱን ለአንዱ ሐኪም፣ እግሬን ለሌላው ነበር የማወራው።

ያያያዘችው ስፔሻሊቲ እየተማረች ያለች ወጣት ዶክተር ናት። ሪፈራል አጽፌ ትልቅ ሆስፒታል ስሄድ በዕጣ የደረሰችኝ እሷ ነች። ልጄ ልትሆን ትችላለች። ወረቀቶቼን ከአንድ ጫፍ ጀምራ አነበበችና «ጋሼ፣ ማታ ስንት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ?» አለችኝ። ግፊት ብዬ የሄድኩት ሰውዬ ስለ ሽንት ተጠይቄ ደነገጥኩ። ከዚያ ጥያቄው ወረደ። ለወገብዎ ምን ይወስዳሉ? የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ። እኛ ማተሚያ ቤት ቀኑን ሙሉ የሚቆም ሰው ሁሉ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ይውጣል፤ ማሽን ክፍል መሳቢያ ውስጥ አይጠፋም። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊት ውስጥ ጨውና ውኃ ያስቀራሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ፣ የኤናላፕሪልንም ጉልበት ይሰብራሉ አለችኝ። ጫትስ? ድሮ። መጠጥ? ለበዓል። ለአፍንጫ መዘጋት የሚሆን የጉንፋን ክኒን? ለመወፈር ብለው የወሰዱት ዴክሳሜታዞን? ድንገት ላብ እያሰመጠዎት፣ ልብዎ እየመታ፣ ራስዎን የሚፈልጥ ነገር? የለም፣ የለም፣ የለም። ባለቤቴን ከኮሪደር አስጠርታ «ያንኮራፋሉ?» ስትላት ሚስቴ ይሄን ቀን ስትጠብቅ እንደኖረች ነበር የመለሰችው። ዶክተሯ ግን ማንኮራፋቱ አልበቃትም፤ ትንፋሹ በመሐል ቁርጥ ብሎ ቆይቶ ይመለሳል ወይ የሚለውን ነበር የፈለገችው። አይቆረጥም።

አስተኝታኝ እምብርቴ ግራና ቀኝ በማዳመጫ አዳመጠች፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ሥር ጠቦ ከሆነ ሹክሹክታ ይሰማል አለችኝ። አንድ እጇን አንጓዬ ላይ፣ ሌላውን ብሽሽቴ ላይ አድርጋ ሁለቱ ትርታ እኩል መምታቱን ለካች። ስንት ዓመት ሆስፒታል ስመላለስ እንደዚያ የነካኝ ሐኪም አልነበረም።

ዲክሎፌናኩን ስተው ግፊቱ ትንሽ ወረደ፤ ትንሽ ብቻ። ላቦራቶሪው ሲመጣ ኩላሊቴ ደህና፣ እንቅርት ሆርሞኔ ደህና፣ ፖታሲየሜ 2.8። ከ3.5 በታች መሆን የለበትም። ፖታሲየም ሲጎድል ጡንቻ ይዝላል፣ ይጨመደዳል፣ ኩላሊትም ሽንቱን ማወፈር ያቅተዋል፤ ሲብስ ልብ ሥርዓቱን ይስታል። የእግሬና የሌሊቱ ነገር በአንድ ቁጥር ተገለጠ።

አለቃዋ የሆኑት ትልቁ ዶክተር ወረቀቱን አይተው «የሚያሸናው ክኒን ነው ያወረደው» አሉ፤ እውነት ነው፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ፖታሲየም ያወርዳል። እሷ አልተከራከረችም። ክኒኑን አስቆመችኝ፣ የሚዋጥ ፖታሲየም ሰጥታ ሞላችው፣ ከዚያ እሱንም አስቁማ ከሳምንታት በኋላ ደግማ አሠራችው። 3.1። ክኒኑ የለም፤ ፖታሲየሙ ግን አሁንም ይወርዳል። ትልቁ ዶክተር ሳቅ ብለው «እንግዲህ ፈልጊዋ» አሏት።

የምትፈለገው ከኩላሊት በላይ የተቀመጠች፣ አድሬናል የምትባል ትንሽ ዕጢ ናት፤ በግራም በቀኝም አለች። አልዶስትሮን የሚባለውን ሆርሞን የምታመነጨው እሷ ስትሆን ሥራው ኩላሊትን «ጨዉን መልስ፣ ፖታሲየሙን ጣል» ማለት ነው። ጨው ሲመለስ ውኃ ይከተለዋል፣ ግፊት ይነሳል። ዕጢዋ ግን በራሷ ፈቃድ አትሠራም፤ ግፊት ሲወርድ ኩላሊት ሬኒን የሚባል መልእክት ይልካል፣ እሷም ያንን ተከትላ ታመነጫለች። ግፊት ከተነሳ ሬኒኑ ይቆማል፣ እሷም ታርፋለች። ፎቃችን ላይ ያለው ሮቶ ሲሞላ ተንሳፋፊዋ ኳስ ከፍ ብላ ውኃውን እንደምትዘጋው መሆኑ ነው። እኔ ጋ ኳሷ ተሰብራለች የሚል ነበር የዶክተሯ ጥርጣሬ፤ ሬኒን ጸጥ ብሎ አልዶስትሮን ብቻውን የሚፈስ ከሆነ ነገሩ ተያዘ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ደም ተለክተው ይነጻጸራሉ።

ምርመራው ቀላል ደም መስጠት ነው፤ ዝግጅቱ ግን አስቆኛል። አንደኛ፣ ፖታሲየሙ መጀመሪያ መሞላት አለበት፤ ጎድሎ ከተለካ አልዶስትሮኑ ዝቅ ብሎ ይወጣና ያታልላል። ሁለተኛ፣ ጨው አትቀንስ ተባልኩ። ጨው ሲቀነስ ሬኒን ስለሚነሳ ውጤቱ ይበላሻል። ሚስቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ጨው ያለው ሽሮ ሠርታ አቀረበችልኝ፤ በሐኪም ትእዛዝ ጨው የበላሁ የግፊት ሕመምተኛ ብዬ ራሴን አስመዘገብኩ። ሦስተኛ፣ ጠዋት ከአልጋ ከተነሳሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቆይቼ፣ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጬ መቀዳት አለበት። ደም የምትቀዳው ልጅ ክንዴን አስራ እንደ ልማዷ «ጨብጥ፣ ልቀቅ፣ ጨብጥ» ስትለኝ ከዶክተሯ የተጻፈችልኝን ወረቀት አወጣሁ፤ «እጁን እየጨበጠ እንዳይቀዳ» ይላል። መጨበጥ ከጡንቻው ፖታሲየም ያስወጣና ቁጥሩን ያለሐቅ ከፍ ያደርገዋል። ልጅቷ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። «ይሄን ገና መስማቴ ነው» አለችኝ።

ላቦራቶሪው የግል ነው፤ ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ነው የሚመለሰው። ዋጋው ከወር ደመወዜ ከግማሽ በላይ ወሰደ። ስጠብቅ ከረምኩና ውጤቱ መጣ፦ ሬኒኔ ሊለካ እስከማይችል ዝቅ ብሏል፣ አልዶስትሮኔ ከፍ ብሏል። በሽታው ፕራይመሪ አልዶስተሮኒዝም ይባላል፤ ኮን ሲንድረምም ይሉታል።

ኮን ማነው ብዬ ሌሊት በስልኬ ስፈልግ ጀሮም ኮን የሚባል የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም አገኘሁ። ነገሩን በጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ አልዶስትሮን ራሱ ከታወቀ ገና ሁለት ዓመቱ። ወደ እሱ የመጣችው የ34 ዓመት ሴት ናት፤ ዓመታት ሙሉ ጡንቻዋ ይዝላል፣ ይጨመደዳል፣ ግፊቷ ከፍተኛ፣ ፖታሲየሟ የወረደ። አድሬናሏ ላይ የነበረው እብጠት በቀዶ ጥገና ሲወጣ ዳነች። የእኔን ባት የሚያውቅ ሰው በ1955 ነበር እያልኩ ባለቤቴን ቀሰቀስኳት፤ አልተደሰተችም።

በጣም ያናደደኝ ግን ብርቅ አለመሆኑ ነው። ከ100 የግፊት ሕመምተኞች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ይሄ እንዳለባቸው ይገመታል፤ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ውጠው አልወርድ ካላቸው ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይበዛል። ብዙዎቹ ፖታሲየማቸው እንኳ አይጎድልም፤ እኔ ቢያንስ እግሬ ጮኾልኛል። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው ግፊቱ እኩል ከሆነ ሌላ ሰው ይልቅ ልቡና ጭንቅላቱ የባሰ ይጎዳል። ኢንዶክራይን ሶሳይቲ የሚባለው የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ለዚህ ቢመረመር ይሻላል ብሏል። እኛ አገር ባለው ዋጋ ይሄ ሩቅ ነው፤ ይገባኛል። ፖታሲየም ግን ርካሽ ናት። ሦስት ክኒን ለሚውጥ ሰው እሷን አንድ ጊዜ ሳያሠሩ «ጭንቀት ነው» ማለት ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

ሲቲ ስካኑ ግራ አድሬናሌ ላይ 14 ሚሊሜትር የምትሆን እብጠት አሳየ። እብጠቷም «ዕጢ» ስትባል ስንሰማ ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆነ፤ እናቴ ጸበል ልውሰድህ ብላ መጣች፣ ሄድኩም። ዶክተሯ ካንሰር የመሆን ዕድሏ እጅግ አነስተኛ መሆኑን ለእናቴ ደግማ ደጋግማ አስረዳችልኝ።

ታዲያ ለምን አትወጣም? እዚህ ላይ ነገሩ ይጠመዘዛል። ዕድሜው ከ35 ካለፈ ሰው አድሬናል ላይ ምንም የማትሠራ እብጠት መገኘቷ የተለመደ ነው፤ ሆርሞኑን የሚያፈስሰው ሌላኛው፣ በስካን ደህና የሚመስለው ወይም ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ግራውን አውጥተህ ጥፋቱ የቀኙ ቢሆንስ? ለማወቅ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ከሁለቱም ዕጢዎች ደም ሥር ደም ቀድተው ያነጻጽራሉ፤ በተለይ የቀኟ ደም ሥር ትንሽና አስቸጋሪ ስለሆነች የለመደ እጅ ይፈልጋል። ሕንድ ሂድ ተባልኩ። ዋጋውን ጠይቄ፣ አውሮፕላኑን ደምሬ፣ አንድ ሌሊት አሰብኩበት። ከዚያ በክኒን ልቀጥል አልኩ፤ ሁለቱም ዕጢዎች ቢሆኑ ኖሮም መድኃኒቱ ያው ነው።

ክኒኑ ስፓይሮኖላክቶን ነው፤ አልዶስትሮን ኩላሊት ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል። በ25 ሚሊግራም ጀምሬ 50 ስደርስ፣ ስንት ክኒን ያልነቀነቀው ግፊት በጥቂት ሳምንታት 128 በ82 ሆነ። የሌሊት ጉዞዬ ቀነሰ። ጀሪካኑን 4ኛ ፎቅ አድርሼ ወርጄ ሁለተኛውን አመጣሁ፤ ሚስቴ «ይሄኛውን ነገ ታመጣዋለህ» እያለች።

እህቴ የላከችውን ጨው ግን ከቤት አስወጣን። ያ ሶዲየም የሌለው የሚባለው ጨው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ስፓይሮኖላክቶንና ኤናላፕሪል ሁለቱም ፖታሲየም ስለሚያስቀሩ ሦስቱ ከተገናኙ ፖታሲየሙ ወደ ላይ አሻቅቦ ልብ ሊያቆም ይችላል። መድኃኒቱ ከተጀመረ ፖታሲየምና ኩላሊት እየተለካ ነው የሚሄደው። ላይኛው ፎቅ ያሉት ሽማግሌ «ከዚያ ከሚሠራው ክኒን እስቲ አንድ ፍሬ» ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኳቸው፤ ተቀይመውኛል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ወንዶች ስለሚያፍሩበት እኔ ልናገር። ስፓይሮኖላክቶን የወንድ ሆርሞንንም ስለሚነካ ጡት ያሳብጣል። የግራ ጡቴ ጫፍ ሥር እንደ አተር ያለች ነገር ወጣችና ሸሚዝ ሲነካት ታመኝ ጀመር። ለዶክተሯ ለመናገር ሁለት ቀጠሮ አሳለፍኩ፤ ስነግራት «ጠብቄዋለሁ» አለች። መጠኑን ቀነሰችልኝና ኤፕሌሬኖን የሚባል፣ ጡት እምብዛም የማይነካ ወንድሙን ጻፈችልኝ። እሱ ውድ ነው፤ የዞርኩባቸው መድኃኒት ቤቶችም አልነበራቸውም። ማዘዣው አሁን እህቴ ጋ ነው፤ የሚመጣ ሰው እየፈለገች ነው።

ደብረ ማርቆስ ያለው ታናሽ ወንድሜም ግፊት አለበት። ፖታሲየሙን አሠራሁት፤ 4.2 ነው፣ ኩላሊቱም ደህና ነው፣ በአንዲት አምሎዲፒን ላይኛው ከ130 በታች ይዞለታል። እሱ ግን አሁን የኔን ታሪክ ከሰማ በኋላ ሬኒንና አልዶስትሮን ካልተሠራሁ ብሎ ይሞግተኛል። ዋጋውን ነግሬዋለሁ፤ በሬውን ሸጦ እንደሆነ እሱ ያውቃል።